ከበር እስከ መኝታ ቤት፦ የኮንዶሚኒየም ዋይፋይና የጎረቤት ነገር



እዚህ ቦሌ አራብሳ የተጠራሁት «ስማርት ሆም» ስለሚባለው ነገር እንድናገር ነው። በስልክ የሚበራና የሚጠፋ አምፖል፣ ሥራ ቦታ ሆናችሁ በራችሁ ላይ ማን እንደቆመ የሚያሳይ ካሜራ፣ ሮቶው ሲሞላ ፓምፑን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ፣ ፊልሙን ከኢንተርኔት የሚያመጣ ቴሌቪዥን። ዕቃው መርካቶም ቦሌም ሞልቷል። ሻጩም ሱቁ ውስጥ አብርቶ አጥፍቶ ያሳያችኋል፣ ሁሉም ይሠራል። ቤት ይዛችሁት ስትመጡ ግን ካሜራው የሚያሳያችሁ ስክሪን ላይ የምትሽከረከር ክብ ብቻ ይሆናል። ካሜራው ላይሆን ይችላል ችግሩ። እነዚህ ዕቃዎች ሁሉ የቆሙት በዋይፋይ ነው፤ ዋይፋዩ ከሳሎን ተነስቶ መኝታ ቤት መድረስ ካቃተው የተቀረው ወሬ ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ አምፖሉ ትንሽ፣ ስለ ዋይፋዩ ብዙ እናገራለሁ።

ዋይፋዩ የሚነሳው ቤት ከሚገባው መስመር ነውና ከመስመሩ እንጀምር። በአገራችን የመጀመሪያው የስልክ መስመር ሥራ የተጀመረው በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1894 ነው፤ ከሐረር አዲስ አበባ፣ 477 ኪሎ ሜትር። ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ፋይበር የገባላችሁ ትኖራላችሁ፣ በመዳቡ የስልክ መስመር የምትጠቀሙ ትኖራላችሁ፣ ሲም ካርድ የሚገባበት ራውተር የያዛችሁም ትኖራላችሁ። ከመስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሳፋሪኮምም አዲስ አበባ ላይ ሥራ ጀምሯልና ምርጫው ሰፍቷል። የትኛውንም ብትመርጡ ድርጅቱ የሚያደርስላችሁ እስከ ራውተሩ ሳጥን ነው። ከሳጥኑ እስከ ትራሳችሁ ያለው አሥር ሜትር የእናንተ ነው። በሥራዬ ካየሁት፣ «ኢንተርኔቱ ደካማ ነው» ተብሎ ከሚቀርበው አቤቱታ አብዛኛው የሚፈጠረው እዚያው አሥር ሜትር ላይ ነው።

እንግዲህ መጀመሪያ ጥፋተኛውን እንለይ። ላፕቶፕ ካላችሁ በኬብል ቀጥታ ከራውተሩ ጋር አገናኙና ፍጥነቱን ለኩ። ላፕቶፕ ከሌለ ስልካችሁን ይዛችሁ ከራውተሩ ሁለት ሜትር ያህል ርቃችሁ ቁሙ፣ ለኩ፤ ከዚያ መኝታ ቤት ግቡ፣ በሩን ዝጉ፣ እንደገና ለኩ። ይህን ከምሽቱ ሁለት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ አድርጉት፤ ሁሉም ሰው ቤቱ የገባበት ሰዓት ነውና እውነቱ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። አጠገቡም ሆነ መኝታ ቤት ውስጥ እኩል ደካማ ከሆነ ጉዳዩ የመስመር ነው፤ የቴሌ ደንበኛ ከሆናችሁ ወደ 994 ደውሉ። ፋይበር ከሆነ ደግሞ ሳጥኑ ላይ «ሎስ» የሚለው መብራት ቀይ ሆኖ ብልጭ ድርግም ካለ ብርሃኑ ቤታችሁ አልደረሰም ማለት ነው። አንዳንዴ ጥፋቱ ከውጭ ነው፤ አንዳንዴ ግን ያ ቀጭን የፋይበር ገመድ በሶፋ እግር ተረግጦ ወይም ሚስማር ላይ ተጠቅልሎ ታገኙታላችሁ። ፋይበር ከመዳብ ሽቦ የተለየ ነው፣ በጠባቡ ሲታጠፍ ብርሃኑ ከውስጡ ያመልጣል። የጣት ስፋት ባለው ክብ አትጠቅልሉት።

አጠገቡ ጥሩ ሆኖ መኝታ ቤት ከወደቀ ግን ማንም ጋር አትደውሉ፤ ጉዳዩ የቤታችሁ ነው።

አንድ ባለ ሁለት መኝታ ቤት እንግባ። የማን እንደሆነ አልናገርም፤ የአብዛኞቻችንን ይመስላል። መስመሩን ያስገባው ልጅ በበሩ ጥግ በስቶ ገመዱን ሁለት ሜትር ሳበና ሳጥኑን እዚያው አስቀምጦት ሄደ። ልክ ነው፣ የእሱ ሥራ ማስገባት ነው። የቤቱ እመቤት ደግሞ ሽቦ የሚንዘላዘልበት ሳጥን እንግዳ ፊት አያምርም ብላ ቡፌው ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ከተተችው። ቡፌው መስታወት አለው፤ መስታወት ከጀርባው ብረት የተቀባ ነው። የቴሌቪዥኑ ጀርባ ብረት ነው። ከጎኑ ፍሪጅ ቆሟል፣ እሱም ብረት። የውጭው በር ላሜራ ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣም ኮሪደሩ ላይ ሰማያዊ በርሜልና አራት አምስት ቢጫ ጀሪካን ተደርድሯል። ከዚያ ሁሉ ወዲያ ብሎኬት ግድግዳ፣ ከብሎኬቱ ወዲያ መኝታ ቤቱ። ልጅቷ አልጋዋ ላይ ሆና ትምህርቷን በቪዲዮ ለመከታተል ትታገላለች።

ዋይፋይ የሬዲዮ ሞገድ ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚላከው አንዱ ሞገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ 12 ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ይረዝማል፤ በ5 ጊጋኸርዝ የሚላከው የዚያ ግማሽ ግድም ነው። ብረት ሲያገኝ ይነጥራል፤ ባዶ ብሎኬት ሲያገኝ ያልፋል፣ ግን ከጉልበቱ ቢያንስ ግማሹን ትቶ። እነዚህ ሕንፃዎች ምሰሶአቸውም ወለላቸውም ብረት የታሰረበት ኮንክሪት ነው፤ በአንድ ወለል ውስጥ ለማለፍ ሞገዱ በአሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ይዳከማል። በግድግዳ በኩል ጎን ለጎን የሚሄድ ሲግናል ስለዚህ ወደ ላይና ወደ ታች ከሚሄደው የተሻለ ዕድል አለው።

ውሃ ደግሞ ይውጠዋል። ይህን በወሬ ብቻ እንዳላልፈው ይኸው ጀሪካን አምጥቻለሁ፣ 20 ሊትር ሙሉ። ስልኬ ስክሪኑ ላይ እንደምታዩት የራውተሩን ጉልበት በቁጥር ያሳያል፤ እንዲህ ያሉ መለኪያዎች ለአንድሮይድ ስልክ በነጻ ይገኛሉ፣ «ዋይፋይ አናላይዘር» ብላችሁ ፈልጉ። ቁጥሩ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት አለው። ከቀነስ 50 አካባቢ ከሆነ በጣም ጥሩ ነው፤ እስከ ቀነስ 67 ድረስ ቪዲዮ ሳይቆራረጥ ይታያል፤ ቀነስ 80 ሲደርስ የዋይፋዩን ስም ታያላችሁ እንጂ አትጠቀሙበትም። በአሥር ቁጥር ሲወርድ ጉልበቱ በአሥር እጥፍ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከቀነስ 50 ወደ ቀነስ 80 የወረደ ሲግናል በሺህ እጥፍ ተዳክሟል። አሁን ጀሪካኑን በስልኩና በራውተሩ መካከል ላስገባው። እዩ፣ ቁጥሩ ወረደ። አሥር ሴንቲሜትር ውሃ ውስጥ ያለፈ የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ከመቶ አንድ እጁ እንኳ አይተርፍም። ስልኩ ጨርሶ ያልጠፋው ሞገዱ በኮርኒሱና በግድግዳው እየነጠረ በጎን ስለዞረ ብቻ ነው።

ይህ መንጠር ራሱ ለረጅም ጊዜ ራስ ምታት ነበር። አንድ መልእክት በአምስት መንገድ ነጥሮ ትንሽ ትንሽ እየዘገየ ሲደርስ እርስ በርሱ ይምታታል። መፍትሔ ካገኙለት መካከል የአውስትራሊያ መንግሥት የሳይንስ ምርምር ተቋም የሆነው የሲኤስአይአርኦ (CSIRO) ባለሙያዎች ይገኙበታል፤ ቡድኑን የመራው ጆን ኦሰሊቫን ቀደም ሲል ከጥቁር ጉድጓዶች ፍንዳታ የሚመጣ ደካማ የሬዲዮ ሞገድ ሲፈልግ የነበረ ሰው ነው። የአሜሪካ ፓተንታቸውን ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ጥቁር ጉድጓዱን አላገኘውም፤ እኛ ግን ኮንክሪት ቤት ውስጥ ዋይፋይ አገኘን።

ስለ ውሃ ካነሳን አይቀር፣ ማይክሮዌቭ ምግብ የሚያሞቀው በዚሁ በ2.45 ጊጋኸርዝ ሞገድ ነው፤ ሲሠራ ትንሽ ያፈስና አጠገቡ ያለውን የ2.4 ዋይፋይ ይረብሻል። ምጣዱን ግን አትውቀሱት። «እንጀራ ስጋግር ዋይፋይ ይጠፋል» የሚሉ ብዙ ናቸው። ምጣድ የሚሞቀው በሽቦ ነው፣ የዋይፋይ ሞገድ አያወጣም። ብዙ ኃይል ይስባልና የቤቱን ቮልቴጅ ዝቅ ያደርገዋል፤ የራውተር አዳፕተር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 240 ቮልት እንዲሠራ የተሠራ ስለሆነ ያን ያህል አይደነግጥም። ምጣዱ ሲሰካ ራውተሩ ከጠፋ የላላውን ሶኬት ወይም ዲቫይደሩን እዩ። ምጣድና ራውተር በአንድ ዲቫይደር ላይ ሰክታችሁ ከሆነ ደግሞ ከዋይፋይ በፊት ስለ እሳት አስቡ።

መድኃኒቱ እንግዲህ ከቡፌው ማውጣት ነው። ራውተሩ ከሰው ቁመት ከፍ ብሎ፣ በተቻለ መጠን በቤቱ መሐል፣ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ቢሰቀል ከማንኛውም ግዢ በላይ ይጠቅማችኋል። ገመዱ አጭር ከሆነ ረጅም አስቀጥሉ፤ ውድ አይደለም። አንቴናውን ወደ መኝታ ቤቱ «የሚያነጣጥሩ» አሉ። አንቴና ጉልበቱን የሚበትነው ከዘንጉ ወደ ጎን ነው፤ በጫፉ አቅጣጫ እጅግ ደካማ ነው። ስለዚህ ቀጥ አድርጎ ማቆም ነው። ጀሪካኖቹ የግድ ኮሪደር ላይ መቆም ካለባቸው ራውተሩ ከእነሱ በላይ ይሁን።

ብዙ አንቴና ያለው፣ ሸረሪት የመሰለ ራውተር ገዝቶ መፍትሔ መፈለግም አለ። አንዳንዱ በእውነት ጥሩ ነው። ነገር ግን ንግግሩ የሁለት ወገን መሆኑ ይረሳል። ራውተሩ ቢጮህ ስልኩ ይሰማል፤ ስልኩ ግን በትንሽ ባትሪና በትንሽ አንቴና መመለስ አለበት፤ የእሱ ድምፅ ራውተሩ ጋ ካልደረሰ ሲግናሉ ሙሉ ሆኖ እያያችሁት ገጹ አይከፈትም። ይህን አይታችሁ ታውቃላችሁ፣ አይደል? አራቱም መስመር ሞልቶ ምንም የለም። በሳጥን ላይ የተጻፈ የ«ረጅም ርቀት» ማስታወቂያ ያን አይነግራችሁም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ዛሬ የመጣሁትም ለዚህ ነው። ጂ+4ም ሆነ ጂ+7 ብሎክ ውስጥ ማታ ስልካችሁን አውጥታችሁ የዋይፋይ ዝርዝሩን ክፈቱ። የጎረቤቶቻችሁ ስም ሁሉ እዚያ አለ። በፓስወርድ ስለተዘጋ የእነሱ ዋይፋይ እናንተን የማይነካ ይመስላል። ይነካል። የምትጠቀሙበት አየር አንድ ነው።

2.4 ጊጋኸርዝ በ13 ቻናል ተቆጥሯል፤ በቻናሎቹ መካከል ያለው ርቀት ግን 5 ሜጋኸርዝ ብቻ ሲሆን አንዱ ዋይፋይ የሚይዘው ቢያንስ 20 ሜጋኸርዝ ነው። ስለዚህ አንዱ በሌላው ላይ ይደራረባል፤ ሳይነካኩ ጎን ለጎን እንዲቆሙ በተለምዶ የሚመረጡት 1፣ 6 እና 11 ናቸው። የእድር ስብሰባን አስቡ። በአንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ሰዎች ይሰማማሉ፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ጠብቆ በተራው ይናገራል፣ ስብሰባው ቢረዝምም ይካሄዳል። ሁለት ቤቶች ሁለቱም ቻናል 6 ላይ ሲሆኑ የሚደረገው ይህ ነው፤ ዋይፋይ ከመናገሩ በፊት ያዳምጣል። አንዱ ቤት 6 ላይ፣ ሌላው 4 ላይ ሲሆን ግን ከግድግዳው ማዶ የሌላ ስብሰባ ጫጫታ እንደሚሰማ ነው፤ ቃሉ ስለማይለይ ተራ መያዝ አይቻልም፣ ሁሉም ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ ማንም አይሰማም። «ቻናል 4 ነጻ ሆኖ አገኘሁት» ብሎ እዚያ የገባ ሰው በአንድ ጊዜ 1 ላይ ያሉትንም 6 ላይ ያሉትንም በጠበጠ።

ይህን አየር ለብዙ ሰው የማከፋፈል ጥያቄ ከተነሳ ቆይቷል። ኖርማን አብራምሰንና ባልደረቦቹ በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1971 ሥራ ላይ ባዋሉት አሎሃኔት በተባለ መረብ በተለያዩ ደሴቶች ያሉ ኮምፒውተሮችን በጋራ የሬዲዮ ቻናል አገናኝተው ነበር። የእነሱ ማሽኖች ሲመቻቸው ይናገሩ ነበር፤ ሁለት ድምፅ ከተጋጨ ትንሽ ቆይተው ይደግሙታል። ተናጋሪ ሲበዛ ግጭቱም ድግግሞሹም እየበዛ መረቡ ራሱን ያንቃል። የዛሬው ዋይፋይ ቀድሞ ስለሚያዳምጥ ከዚያ ይሻላል፤ አርባ ቤት በአንድ አየር ላይ ሲሰፍር ግን እሱም ወሰኑ ላይ ይደርሳል።

ስለ ጋራ ሕንፃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 370/1995 ደረጃውንና ጣሪያውን የመሰለውን የጋራ ነገር የባለቤቶች ማኅበር እንዲያስተዳድረው አድርጓል። ዋይፋይን አይጠቅስም፤ በ1995 ዓ.ም. ማን አስቦት። የብሎካችን ኮሚቴ ግን ስለ ጥበቃ፣ ስለ ጽዳት፣ ስለ ፓምፕ ከተስማማ ስለ ቻናልም መስማማት ይችላል፤ ገንዘብ እንኳ አያስወጣም። እንዲህ ነው፦ በአንድ ፎቅ ላይ በተርታ አራት ቤት ካለ ቻናላቸው 1፣ 6፣ 11፣ 1 ይሁን። ከላያቸው ያለው ፎቅ 6፣ 11፣ 1፣ 6። ከዚያ በላይ 11፣ 1፣ 6፣ 11። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው። እንዲህ ሲሆን ማንም ሰው ከጎኑም፣ ከላዩም፣ ከታቹም ካለው ቤት ጋር አንድ ቻናል አይጋራም። የቻናሉን ስፋት ሁሉም 20 ላይ ያድርግ፤ 40 ላይ ያደረገ ሰው የሁለት ሰው ቦታ ይዟል። ራውተሩ «ኃይል» የሚል ምርጫ ካለው ለስቱዲዮና ለባለ አንድ መኝታ ቤት መካከለኛው ይበቃል፤ ከፍተኛው ላይ ማድረግ ደረጃውን አልፎ የሦስት ቤት ጎረቤት ዘንድ መጮህ ነው።

ቴሌቪዥኑን፣ ላፕቶፑንና አዲሱን ስልክ ደግሞ ከ2.4 አውጥታችሁ 5 ጊጋኸርዝ ላይ አድርጓቸው። 5 ጊጋኸርዝ ግድግዳ አይወድም፣ ርቀቱም ያጥራል። ብዙ ሰው በዚህ ይጠላዋል፤ እኔ ለኮንዶሚኒየም የምወደው በዚሁ ምክንያት ነው። የእናንተ ወደ ጎረቤት አይሻገርም፣ የጎረቤት ወደ እናንተ አይመጣም፤ ቀኑን ሙሉ የምንረግመው ኮንክሪት እዚህ ላይ ጠባቂ ሆነ። ቻናሉም ብዙ ነው። መኝታ ቤት የማይደርስ ከሆነ መፍትሔው ኬብል ነው።

ስለ ኬብል ሰው ፊቱን ያጨማድዳል፤ «ገመድ አልባ ብለን አይደል የገዛነው?» ይላል። የማይንቀሳቀስ ዕቃ ሁሉ፣ ቴሌቪዥን፣ ዴስክቶፕ፣ የካሜራ መቅጃ፣ በኬብል ቢሆን አየሩ ለሚንቀሳቀሰው ይቀራል። ካት 6 ኬብል እስከ 100 ሜትር ያለ ችግር ያደርሳል፤ ቤታችን ውስጥ ከ15 ሜትር የሚያልፍ መንገድ የለም። ስትገዙ ግን ተጠንቀቁ፦ ገበያው ውስጥ ላዩ መዳብ የተቀባ፣ ውስጡ አልሙኒየም የሆነ አለ። የአንዱን ሽቦ ጫፍ በምላጭ ፋቅ አድርጉት፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ አልሙኒየም ነው፣ ይሰበራል፣ ቆይቶም ያስቸግራል። ጭንቅላቱን የሚገጥምላችሁ ሰው ስምንቱንም ሽቦ ማሰሩን እዩ። አራቱን ብቻ ቢያስር ይሠራል፣ ግን ፍጥነቱ 100 ሜጋቢት ላይ ይቆማል።

ኬብሉ መኝታ ቤት ከደረሰ አሮጌውን ራውተር አትጣሉት። ዲኤችሲፒ የሚባለውን አድራሻ አዳይ አጥፉበት፣ ከዋናው ራውተር በተለየ አድራሻ ላይ አድርጉት፣ ኬብሉን ሌሎቹ ዕቃዎች በሚሰኩበት ቀዳዳ እንጂ ኢንተርኔት በሚለው ቀዳዳ አትሰኩት፣ የዋይፋዩን ስምና ፓስወርድ ከዋናው ጋር አንድ አድርጉ። ሁለተኛ የዋይፋይ ምንጭ አገኛችሁ። ይህ ከሪፒተር ይሻላል። ሪፒተር የሰማውን በዚያው ቻናል ደግሞ ስለሚናገር ፍጥነቱን ቢያንስ በግማሽ ይቆርጣል፣ የብሎኩን አየርም እጥፍ ያጨናንቃል። የግድ ሪፒተር ካስፈለገ ሲግናሉ በሞተበት ክፍል አትሰኩት፤ የሞተ ነገር ቢደገም ያው የሞተ ነው። ሲግናሉ ገና ጥሩ በሆነበት፣ መሐል ላይ ይሁን።

መብራት። መብራት ሲጠፋ ኢንተርኔቱም አብሮ የሚጠፋው ለምንድን ነው? ፋይበር ላላችሁ መልካም ዜና አለኝ። ቤት ለቤት በሚዘረጋው ጂፖን በሚባለው አሠራር ከቴሌ ጣቢያ እስከ ቤታችሁ ብርሃኑን ለ32 ወይም ለ64 ቤት የሚያከፋፍለው መሣሪያ ኤሌክትሪክ የማይፈልግ ነው። ስለዚህ ጣቢያው ኃይል እስካለው ድረስ ሰፈሩ ቢጨልምም መስመራችሁ በሕይወት አለ፤ የጠፋው እናንተ ጋ ያለው ሳጥን ነው። ሳጥኑ ደግሞ ብዙ አይበላም፤ አዳፕተሩ ላይ 12 ቮልት 1 አምፔር የሚል ካለ ቢበዛ 12 ዋት ነው። ሱቅ ውስጥ «ሚኒ ዩፒኤስ» የሚባል፣ የመጽሐፍ ያህል የሆነ ባትሪ አለ። 10,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የተጻፈበት፣ ጽሑፉ እውነት ከሆነ፣ አንድ ሳጥን ሦስት ሰዓት ያህል ያቆያል። ከመግዛታችሁ በፊት ቮልቱን ከአዳፕተሩ ጋር አመሳክሩ፤ 9 ቮልት የሚፈልግን ራውተር 12 ላይ መሰካት ማቃጠል ነው። የፋይበር ሞደምና ራውተር ለየብቻ ያላችሁ ደግሞ ሁለቱንም ሰኩ። አንዱን ብቻ ሰክቶ «ዩፒኤሱ አይሠራም» ብሎ የመለሰ ሰው አውቃለሁ። ሲም ያለበት ራውተር የምትጠቀሙ ባትሪው ይጠቅማችኋል፣ ግን የአንቴናው ማማም የራሱ ባትሪና ጄኔሬተር እስኪያልቅ ነው።

እንግዲህ አምፖሉ። ርካሽ የሆኑት አምፖሎች፣ ሶኬቶችና ካሜራዎች አብዛኞቹ የሚያውቁት 2.4 ጊጋኸርዝን ብቻ ነው። አዲስ ዕቃ ለማስገባት ስትሞክሩ ስልካችሁ 5 ላይ ከሆነ ላይገናኙ ይችላሉ፤ ሰው ዕቃው ተበላሽቷል ብሎ ይመልሳል። ለ2.4 የተለየ ስም ስጡት፣ ወይም እስክታገናኙ ድረስ 5ን አጥፉት። ሁለተኛ፣ ስትገዙ «ኢንተርኔት ሲቋረጥ ቤት ውስጥ ሆኜ ማዘዝ እችላለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። የአንዳንዱ አምፖል ትእዛዝ ከሳሎናችሁ ተነስቶ ባሕር ማዶ ያለ ኮምፒውተር ደርሶ ነው የሚመለሰው፤ መስመር ሲቆረጥ ማብሪያ ማጥፊያችሁን ትናፍቃላችሁ። ሦስተኛ፣ ካሜራው ይዞት የመጣውን ፓስወርድ ዛሬውኑ ለውጡ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለ ተንኮል አዘል ፕሮግራም ፓስወርዳቸው ያልተለወጠ ካሜራዎችንና ራውተሮችን በገፍ ማርኮ ታላላቅ ድረ ገጾችን ከሥራ ውጭ አድርጓል፤ ባለቤቶቹ ካሜራቸው ለሌላ እንደሚሠራ አላወቁም ነበር።

የፓምፑና የሮቶው ነገር የተለየ ነው። ሮቶው ጣሪያ ላይ፣ ፓምፑ ምድር ላይ ሆኖ በመካከላቸው አምስት ወለል ኮንክሪት አለ፤ የማንም ግለሰብ ራውተር ያን አያቋርጥም። የደረጃውን ካሜራም ከአንድ ነዋሪ ዋይፋይ ላይ ማንጠልጠል ጠብ ያመጣል፤ እሱ ፓስወርድ ሲለውጥ ወይም ቤቱን ሲያከራይ ካሜራው ይጠፋል። ብሎኩ ለጋራ ነገር የራሱ መስመር ይኑረው፤ ራውተሩ ደረጃው ሥር በተቆለፈ ሳጥን ይቀመጥ፣ ሳጥኑ ብረት አይሁን፣ ከዚያ በደረጃው ቀዳዳ ኬብል እስከ ላይኛው ፎቅ ይሳብ። በሕንፃው ውጭ ግድግዳ አትሳቡት፤ በክረምት መብረቅ አለ።

አንድ ነገር ልጠይቃችሁና መድረኩን ለጥያቄ ልልቀቅ። በየደረጃው ስልክ የሚነካካ አንድ ወጣት አይጠፋም። ኮሚቴዎች፣ በዚህ ሳምንት እሱን ጥሩና ከቤት ቤት እየዞረ እያንዳንዱ ዋይፋይ ስንት ቻናል ላይ እንዳለ ይመዝግብላችሁ፤ ከዚያ ድልድሉን በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ከጽዳት ተራው ማስታወቂያ ጎን ለጥፉት። ቻናል መለወጥ የሚከብዳቸው እናቶችና አባቶች ካሉ ልጁ ይለውጥላቸው፤ የራውተሩን ፓስወርድ ግን ራሳቸው ይያዙ። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሱ።